ቁንጫ የማይደፍረው ክፍል

የሰዓት ሠሪው አማት ጸሎት አቋርጠው አያውቁም። አንድ ጊዜ የወጥ ቤቱ መጋረጃ በእሳት ተያይዞ ቤቱ ሲተራመስ፣ እሳቸው ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ ከንፈራቸውም ሳይቆም፣ በአንድ ጣታቸው የውሃውን ባልዲ አመልክተው ነው የቀጠሉት። ስለዚህ በዚያ ጠዋት፣ ሰዓት ሠሪው ወደ ሱቁ ሊወጣ የጫማውን ማሰሪያ እየቋጠረ ሳለ፣ ከሳሎኑ ጥግ «ስለ ታመሙት፣ ስለ መንገደኞች፣ ስለ…» ይል የነበረው ድምፅ ቀጥ ሲል፣ የእሱም ልብ አብሮ ቀጥ አለ። ቀጥሎ የተሰማው የጥፊ ድምፅ ነበር። አማቱ የገዛ ቁርጭምጭሚታቸውን አጩለውታል።

«ቁንጫ!» አሉ።

ሌላ ቃል አልጨመሩም። ዓይናቸውን ብቻ በመስኮቱ አሻግረው ወደ በረንዳው ላኩ። በረንዳው ላይ ሻምበል ተጋድሟል።

ሻምበል ውሻ ነው። ማዕረጉን በጀግንነት አላገኘውም። ገና ቡችላ ሳለ፣ የግድግዳ ሰዓት በታሸገበት ካርቶን ውስጥ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተጥሎ ተገኘና፣ ያን ዕለት የመጀመሪያውን ደንበኛ ደረቱን ነፍቶ ጮኸበት። ደንበኛውም ስቆ «ሻምበል፣ እጅ ሰጥቻለሁ!» አለው። ከዚያ ወዲህ በማንም ላይ ጮኾ አያውቅም። ማዕረጉ ግን አልተነሣበትም። አሁን አርጅቷል፤ ጥቁር ጀርባው እንደ አግዳሚ ወንበር ሰፍቷል፤ ሌባ ቢመጣ መንገድ ሳይለቅለት አይቀርም።

ቢሆንም ለሰዓት ሠሪው ሻምበል እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ ፍጥረት አልነበረም። ሰዓት ሠሪ ሰሚ ነው። ሰው ሰዓቱ እስኪከፈትለት መስኮቱ ላይ ተደግፎ ሲጠብቅ፣ ስለ ሰዓቱ ጀምሮ ስለ ትዳሩ ይጨርሳል። እሱም መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ ወረንጦውን እንደያዘ፣ «እህ… እህ…» እያለ ያዳምጣል። ዕድሜውን ሙሉ ሲያዳምጥ ኖሮ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ በመንገድ ላይ እሱን የሚያዳምጠው ከጎኑ የሚያዘግመው ሻምበል ብቻ ነበር። ሻምበልም እንደ ጌታው አያቋርጥም፤ አስተያየትም አይሰጥም።

አማቱ ባላቸው ካረፉ በኋላ ከልጃቸው ጋር ሊኖሩ ሲመጡ፣ ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ የደነገጉት ሕግ ነበር፤ «እኔ ባለሁበት ቤት፣ እንስሳና ሰው አንድ ጣሪያ ሥር አያድሩም!» ያን ጊዜ ነው ሻምበል ከሳሎን ወደ በረንዳ የተዛወረው። ሰዓት ሠሪው ምንም አላለም። ለእሳቸው ምንም ብሎ አያውቅም። እሳቸው «አንተ ልጅ» ይሉታል፤ የልጅ ልጅ ሊያይ የደረሰ ሰው መሆኑን ከቁብ ሳይቆጥሩ። እሱም «እማማ» ይላቸዋል፤ በክፍላቸው በር ላይ እንኳ የጫማውን ድምፅ አጥፍቶ ነው የሚያልፈው።

እንግዲህ ያን ጠዋት ቁርጭምጭሚታቸውን እያሻሹ ፍርድ ሰጡ።

«ከእኔና ከዚህ ከውሻህ አንዳችን እንወጣለን። ወሩ እስኪያልቅ አስብበት።»

«እማማ፣ እርስዎ የት ይሄዳሉ?»

«ልጄ ጋ።»

ወንዱ ልጃቸው ከነሚስቱና ከነልጆቹ አንዲት ክፍል ውስጥ ተጠቅጥቆ እንደሚኖር ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ማን እንደሚወጣ ከዚያው ታወቀ። ወደ ሱቅ እንዳይወስደው፣ የሕንፃው ባለቤት ውሻ ቀን እንጂ ሌሊት አይፈቅዱም። ውሻ የሚፈልገው ብቸኛ ሰው ከሱቁ ጀርባ ያለው መጋዘን ጠባቂ ነበር፤ እሱም ሰንሰለቱን ገዝቶ የቀረው ውሻው ብቻ ነው።

ሰዓት ሠሪው በማግስቱ ሻምበልን ይዞ የእንስሳት ሐኪሟ ዘንድ ሄደ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ጥርሱ በደቀቀ ማበጠሪያ የሻምበልን ወገብ አበጠረችና ማበጠሪያውን እርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ አራገፈችው። እንደ ቁንዶ በርበሬ የደቀቀ ጥቁር ብናኝ ወደቀ። ብናኙ ውሃውን ሲነካ ዙሪያው ቀላ።

«ደም ነው» አለች። «ቁንጫው በልቶ የጣለው ነው።»

«ታዲያ ጥፋተኛው እሱ ነዋ!» አለ ሰዓት ሠሪው ሆዱ ባብቶ።

«እሱማ የተበላው ነው እንጂ! ይልቅ ይኼን ይዩልኝ።» የሻምበልን ጆሮ ገለበጠች። ከጆሮው ሥር የተነፋ መዥገር ተጣብቆበታል። «ላምባ አያፍስሱበት፣ በእሳትም አይለብልቡት፤ ያንን ያደረጉ እንደሆነ የሆዱን ሁሉ እዚያው ነው የሚተፋበት። ከቆዳው ጋር አስጠግቶ መያዝና ቀጥ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። መጠምዘዝ የለም።»

«እኔ ልሞክር?» አለና የራሱን ወረንጦ ከደረት ኪሱ አወጣ። ከእጅ ሰዓት ውስጥ ዓይን የማያየው ብሎን የሚያወጣ እጅ ነው፤ መዥገሩ ከነአፉ ተነቅሎ መጣ። ሐኪሟ አመስግና የተነቀለበትን ቦታ በመድኃኒት ጠረገችው። እሱ መዥገሩን በማጉያ መነጽሩ አየው፤ የፈጣሪን ሥራ እያደነቀ፣ ይኼን ፍጡር ግን ለምን እንደ ፈጠረው ሊገባው አልቻለም።

ከዚያ ሐኪሟ አንዲት ትንሽ የጠብታ ብልቃጥ አወጣች። ግማሹን በሻምበል ትከሻዎች መሐል፣ ፀጉሩን ፈልቅቃ ቆዳው ላይ አንጠበጠበች።

«የቀረውን ሌላ ጊዜ ይደግሙለታል። አሁን የምነግርዎን ልብ ይበሉ። እዚህ ያየነው ጥቂቱ ነው። ብዙው ያለው ቤትዎ ውስጥ ነው። እንቁላሉ ምንጣፍ ውስጥ፣ የሚፈለፈለው ትል የወለል ስንጥቅ ውስጥ፣ ሽፋኑ ውስጥ ተጠቅልሎ ጊዜውን የሚጠብቀው ደግሞ አልጋ ሥር። አንሶላና ብርድ ልብሱን በፈላ ውሃ፣ ምንጣፉን አቧራ በሚስብ ማሽን፣ የተሰበሰበውን አቧራ አስሮ ወዲያው ወደ ውጭ። ሁሉም ክፍል፣ በአንድ ቀን! አንዱን የዘለሉ እንደሆነ ልፋትዎ በከንቱ ነው። ለመሆኑ ቤት ውስጥ ሌላ እንስሳ አለ?»

«የለም፤ አማቴ ብቻ ናቸው።»

ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው። ፊቱ በርበሬ መሰለ። ሐኪሟ ከንፈሯን ነክሳ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ድመት ማለቴ ነው» አለች ስትመለስ። «ይኼ ጠብታ የውሻ ነው። ለድመት መርዝ ነው፤ ትንሽም እንዳይነካት።»

«ድመት እንኳ የለንም።»

ስለሌላቸው ድመት ቤት ገብቶ የሚያወራ ሰው የለምና፣ ይኼኛው ምክር ከእሱ ጋር ሱቅ ውስጥ ቀረ።

ሚስቱ መምህርት ናት። ቤቱንም እንደ ክፍሏ ነው የምታስተዳድረው። በዕረፍት ቀኗ ፀጉሯን አስራ ሳሎኑ መሐል ቆመችና «ዛሬ ማንም ሰው እጁን አጣጥፎ አይቆምም!» አለች። ማንም ሰው ማለት ባሏ ነው። ፍራሽ ወጣ፣ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ፀሐይ ላይ ተሰቀለ፣ ሶፋው ተገለበጠ፤ ከሶፋው ሆድ ውስጥ ከጠፋ የቆየ ማንኪያ፣ ግማሽ ብስኩትና የሚስቱ የጋብቻ ቀለበት ተገኙ። ቀለበቱን «ዘመድ ቤት ረስቼው ነው» ብላው ነበር፤ አሁን ሁለቱም እንዳላዩ ሆነው አለፉት። ማሽኑ ሲጮኽ ዋለ። በመጨረሻ አንድ በር ብቻ ቀረ። ባልና ሚስቱ ማሽኑን መሐላቸው አድርገው በሩ ፊት ቆሙ።

«አንተ ንገራት» አለች በሹክሹክታ።

«እናትሽ ናቸው።»

«ለዛ እኮ ነው! እኔ ከሆንኩ ከልጅነቴ ጀምራ ነው የምትወቅሰኝ። አንተን ታፍርሃለች።»

«እኔም ነኝ የማፍራቸው።»

«ወንድ አይደለህም?»

«አሁን ይኼ ከወንድነት ምን ያገናኘዋል?» አለና በጣቱ ጫፍ አንኳኳ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሐኪሟ ሁሉም ክፍል ስላለች… እንዲያው ለወጉ ያህል፣ ከአልጋው ሥር…»

በሩ አንድ መዳፍ ያህል ተከፈተ። አንድ ዓይን ታየ።

«ከአልጋዬ ሥር?»

«ለወጉ ያህል ነው፣ እማማ።»

«ስንት ዘመን ቤት አስተዳድሬ፣ ስንቱን አሳድጌ፣ ዛሬ አማቼ በመጥረጊያ ሊፈትሸኝ? አንተ ልጅ፣ ስማ! እኔ ክፍል ቁንጫ አይደፍርም!»

«አይደፍርም፣ እማማ።»

በዚህ መሐል ከውስጥ፣ ከከፍታ ላይ አንድ ነገር ለስለስ ብሎ ወለሉ ላይ አረፈ።

«ምንድን ነው?» አለች ልጃቸው።

«መጽሐፌ ነው የወደቀው!» በሩ ተዘጋ።

ሰዓት ሠሪው የሰዓትን ሕመም ከድምፁ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ነው። መጽሐፍ በአራት እግሩ እንደማያርፍ ግን በዚያ ሰዓት አላሰበበትም። ማሽኑን ተሸክሞ ተመለሰ። ሚስቱም «በቃ፣ ትልቅ ሰው አታስቀይም» አለችው፤ ሁለቱም ሥራ ያስቀረ ሳይሆን ጨዋነት የሠራ ሰው መንፈስ እየተሰማቸው ሻይ ጠጡ።

ሻምበል ማከኩን ተወ። ፀጉሩ አበራ። የአማቱ ቁርጭምጭሚት ግን እንደ ወንፊት መሆኑን ቀጠለ። የሚገርመው፣ የሚነከሱት ከክፍላቸው እንደ ወጡ ነው፤ ከእሳቸው ሌላ የሚነከሰውም እሳቸው በተነሡበት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ሰዓት ሠሪው ይኼን አስተዋለ። ሌላም ነገር አስተዋለ። አማቱ ወተት መጠጣት ጀምረዋል፤ ማታ ማታ «ለእንቅልፌ» እያሉ በሳህን ይዘው ይገባሉ። በሳህን ለምን እንደሆነ ልጃቸው ብትጠይቃቸው «ቶሎ ይበርዳል» አሏት። ብርዱ አጥንት ሲሰብር እንኳ መስኮታቸውን ገርበብ አድርገው ነው የሚያድሩት። የዓሣ ራስ አይጣልም ብለዋል፤ ለዓይን ጥሩ ነው።

«እማዬ ምግብ ተከፍቶላታል፣ ተመስገን!» ትላለች ሚስቱ ደስ ብሏት።

አንድ ቀን ደግሞ አማቱ የሚጸልዩበት ወንበር ላይ አንዲት አጭር ፀጉር አገኘ። መነጽሩን አውጥቶ አያት። ቀይ ናት፣ ዳማ። ሻምበል ጥቁር ነው። የሚስቱም ፀጉር ጥቁር ነው። እሱ ራሱ ፀጉር ከተለየው ቆይቷል። የአማቱ ደግሞ እንደ ጥጥ ነጭ ሆኖ ሁልጊዜ በሻሽ እንደተሸፈነ ነው። ለረጅም ጊዜ አሰበ። በመጨረሻ ነገሩ ገባውና በእሳቸው ፋንታ አፈረ፤ አማቱ በዚህ ዕድሜያቸው በድብቅ ፀጉራቸውን ሂና መቀባት ጀምረዋል! ፀጉሯን በጥንቃቄ በመስኮት ጣላት። ሆድ ይፍጀው አለ። ለሚስቱ እንኳ አልነገረም፤ እግዚአብሔር የሸፈነውን የሰው ገመና እሱ ምን ብሎ ይገልጠዋል?

ወሩ ወደ ማለቁ ነው። ሰዓት ሠሪው ከሱቁ ሆኖ ለሐኪሟ ደወለ።

«ውሻው ዳነ፤ ቤቱ ግን አልዳነም» አላት።

«ሁሉንም ክፍል ነው ያጸዱት?»

«ሁሉንም… ማለት ይቻላል።»

«ማለት ይቻላል ማለት?»

«አንድ ክፍል አለ። እሱ ግን ንጹሕ ነው።»

«ማን አየው?»

«የክፍሉ ባለቤት ነግረውኛል።»

«ቁንጫ እኮ የሰው ቃል አይቀበልም። ያን ክፍል ሳይከፍቱ ውሻዎን ቢያባርሩ፣ ቁንጫው ከእርስዎ ጋር ይቀራል። ሄዶ የሚቀረው ውሻው ብቻ ነው።»

ስልኩን ዘጋ። በእሱና በሻምበል መሐል የቆመችው አንዲት ዓረፍተ ነገር መሆኗ ገባው፤ «እማማ፣ ቁንጫው ያለው እርስዎ ክፍል ውስጥ ነው።» በቃ። ወደ ቤት ሲሄድ በመንገድ ላይ ለሻምበል ደጋግሞ አነበነበለት። «እማማ፣ ምናልባት…» ብሎ ጀመረ። «እማማ፣ አይቆጡኝና…» አሻሻለ። ሻምበል ጅራቱን አወዛወዘለት። ቤት ሲደርስ አማቱ በር ላይ ቆመው «አንተ ልጅ፣ ለጠባቂው ነገርከው?» አሉት።

«ነግሬዋለሁ፣ እማማ» አለ። «ቅዳሜ ጠዋት ይመጣል።»

ያን ማታ በረንዳው ደረጃ ላይ ከሻምበል ጎን ተቀመጠ። ቃል አልወጣውም። ውሻውም ራሱን ጭኑ ላይ ጣል አድርጎ፣ ዝምታውንም ቢሆን አዳመጠለት። ሰዓት ሠሪው ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ፈጣሪን ማስቸገር ነውር መስሎት ሲያመነታ ቆየና፣ በመጨረሻ «አንተ ታውቃለህ» ብቻ አለ።

ቅዳሜ ጠዋት የመጋዘን ጠባቂው በመጋዘኑ ፒክአፕ መጣ። ትልቅ ሰውዬ ነው፤ ሰንሰለቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ሻምበልን ዞሮ ዞሮ አየው።

«ጋሼ፣ ይኼ ይነክሳል?»

«አይነክስም።»

«ይጮኻል?»

«አንድ ጊዜ ጮኾ ነበር።»

«ታዲያ ምን ሊሠራልኝ ነው?»

«ያዳምጣል» አለ ሰዓት ሠሪው። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ዓይኗን በመሐረቧ ትጠርጋለች፤ ውሻውን እወደዋለሁ ብላ አታውቅም ነበር።

«እሺ፣ ዘበኛ ባይሆን ቅርጽ ይሆነኛል፤ ሌባው ከሩቅ ሲያየው ምን ያውቃል?» አለና ጠባቂው ጎንበስ ብሎ የሰንሰለቱን መቆለፊያ ከፈተ።

ከሳሎኑ ጥግ የአማቱ ጸሎት ይሰማል። ዛሬ አጠር አድርገው ጨርሰው ወደ ክፍላቸው ገብተዋል መሰል፣ ድምፁ ጠፋ። ከዚያ ጩኸት ተሰማ። በሩ በኃይል ተበረገደ። አማቱ ሻሻቸው ከራሳቸው ወርዶ፣ ጥጥ የመሰለ ነጭ ፀጉራቸው ተበትኖ፣ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው በረንዳው ላይ ብቅ አሉ። ሰዓት ሠሪው መጀመሪያ ያየው ፀጉሩን ነው። ሂና የለም።

«ገደልኳት!» አሉ። «ልጄን ገደልኳት!»

ከፎጣው ውስጥ የዳማ ድመት ራስ ወጣ። መላ አካሏ ይንቀጠቀጣል፤ አፏ አረፋ ይዟል።

«እማዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አለች ልጃቸው።

«ምንድን ነው ትለኛለች! ድመት አይደለችም እንዴ? ዓይን የለሽም?»

«የማን ድመት?»

«የመስኮቱ! በዝናቡ ጊዜ መጣች፤ ራሰች፤ ምን ላድርጋት?» ወደ ሰዓት ሠሪው ዞሩ። ድምፃቸው ወረደ። «ውሻህ ማከኩን ሲተው አየሁና… እሷም ማታ ማታ ስታክ እንቅልፍ የላት… የተረፈችውን ጠብታ ከቁም ሳጥኑ ወሰድኩላት። ትናንት ማታ ነው። ለሱ መድኃኒት ሆኖ ለሷ…»

የሐኪሟ ቃል ከሱቅ ወጥቶ ሰዓት ሠሪው ቤት የደረሰው አሁን ነው። ልቡ ሲደነግጥ እጁ አይደነግጥም፤ የሥራው ልማድ ነው። «ለብ ያለ ውሃ! የዕቃ ሳሙና!» አላት ሚስቱን። ባልዲው መጣ። ድመቷን ከአማቱ ክንድ ተቀብሎ፣ በጣቶቹ ጫፍ ከትከሻዋ እስከ ጅራቷ እያሻሸ አጠባት፤ አለቅልቆ ደገማት። በደረቅ ፎጣ ጠቀለላትና ቀና ቢል የቆመው መኪና ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ወንድሜ፣ አድርሰን!»

«እኔ እኮ ለውሻ ነው የመጣሁት…»

«አንተ ሰውዬ!» አሉት አማቱ። «ነፍስ እየወጣ ነው፣ አንተ ሰንሰለት ይዘህ ትገተራለህ? ንዳ!»

ጠባቂው ነዳ። አማቱ ከፊት፣ ድመቷን ታቅፈው፤ ሰዓት ሠሪው ከኋላ፣ ክፍቱ የጭነት ቦታ ላይ። ሻምበልም ማንም ሳይጠራው ዘሎ ወጣ፤ ከዘለለ ስንት ዘመኑ ነው! በመንገዱ ሁሉ ከፊት በኩል «ስለ ታመሙት፣ ስለ ታመሙት፣ ስለ ታመሙት» የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። መንገደኞቹ ዛሬ ተዘለሉ።

ሐኪሟ ድመቷን ተቀብላ መርፌ ወጋቻት፤ በሞቀ ነገር ሸፈነቻት። ቆይታ ወጣችና እጇን እየጠረገች «ትተርፋለች» አለች። «ማጠባችሁ ነው ያተረፋት። ዛሬ እዚሁ ታድር።» ከዚያ ሰዓት ሠሪውን ትክ ብላ አየችው። «ድመት የለንም ብለውኝ አልነበር?»

አማቱ ወለሉን አዩ። ሰዓት ሠሪው ሲጠብቃት የነበረችው ዓረፍተ ነገር አሁን ምላሱ ላይ ተዘጋጅታ መጥታለች፤ አንዲት ፊደል ሳትጎድል። ሐኪሟ አለች፤ የመጋዘን ጠባቂው እንኳ ለምስክርነት በር ላይ ቆሟል። አማቱን አያቸው። ሻሻቸውን መልሰው ለማሰር እየሞከሩ ነው፤ ቋጠሮው እምቢ ብሏል።

«የኔ ጥፋት ነው፣ ዶክተር» አለ። «ለድመት አይሆንም ብለሽኝ ነበር፤ ለቤት ሰው ሳልናገር ቀረሁ።»

አማቱ ቀና አሉ። እሳቸውም ምንም ሳይሉ የቀሩበት የመጀመሪያው ቀን ይኼ ነው።

ወደ ውጭ ሲወጡ የመጋዘን ጠባቂው ሰንሰለቱን አንሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ጋሼ… ውሻው?»

ሰዓት ሠሪው አማቱን አየ። አማቱ ሻምበልን አዩ። ሻምበል በእርጅናው ዘሎ ስለ ደከመው፣ የአማቱ እግር ሥር ተንጋሎ ያለከልካል።

«የምን ውሻ?» አሉ አማቱ።

«እናቴ፣ ውሰደው ተብዬ እኮ…»

«ማን ነው ያለህ? ይኼ ሽማግሌ ነው፤ በሽማግሌ ላይ ሰንሰለት ይጣላል? አታፍርም?»

«ድመቷንስ ከዳነች? መጋዘኑ አይጥ አስቸግሮናል…»

«ሰንሰለትህን ይዘህ ሂድ!» አሉት። ከዚያ ትንሽ አሰቡና፣ «መጀመሪያ ግን ቤታችን አድርሰን» ብለው ጨመሩ።

ቤት ሲደርሱ አማቱ በቀጥታ ወደ ክፍላቸው ሄዱና በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ባልና ሚስቱ ደጃፉ ላይ ቆሙ። አልጋው ሥር፣ አሮጌ ሹራብ የተነጠፈበት ሻንጣ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ይታያል። ያ ሻንጣ አማቱ ይዘውት የመጡት ነው፤ የሟች ባላቸው ሹራብም ነው የተነጠፈበት። ሰዓት ሠሪው የሹራቡን ጫፍ በእርጥብ ወረቀት ነካ አደረገው። ወረቀቱ ቀላ።

«ክፍሌ ቁንጫ አለበት ማለትህ ነው?» አሉ አማቱ ከኋላው።

«እኔ ምንም አላልኩም፣ እማማ።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ፤ አንተ መቼ ነው የምትናገረው? ሰው እንዲህ ዝም ይላል? ተናግረህ ቢሆን ኖሮ ልጄ ለሞት ትደርስ ነበር?» ማሽኑን በእግራቸው ገፋ አደረጉለት። «ከአልጋው ሥር ጀምር። ጥጉን እንዳትዘለው። ሹራቡን ግን እኔ ራሴ ነኝ የማጥበው።»

ድመቷ በማግስቱ ተመለሰች፤ ዘግየት ብሎም ለድመት የሚሆነውን ጠብታ ሐኪሟ በገዛ እጇ አንጠበጠበችላት። ሻምበል ወደ ሳሎን ገባ፤ ማን እንደፈቀደ አልተነገረም፤ ሕጉም አልተሻረም። አማቱ እስከ ዛሬ ድረስ እንስሳና ሰው አንድ ጣሪያ ሥር እንደማያድሩ ይናገራሉ፤ ይኼን የሚናገሩት ግን ድመቷን ጭናቸው ላይ፣ ውሻውን እግራቸው ሥር አድርገው ነው።

ሐኪሟ አስጠንቅቃ ነበር፤ ሽፋኑ ውስጥ የተደበቀው ቁንጫ ከጽዳቱ በኋላም ሳምንታት ቆይቶ አንድ ሁለቱ ሊወጣ ይችላል፤ ማጽዳቱን ሳያቋርጡ መታገሥ ነው። አንድ ጠዋት ሰዓት ሠሪው የጫማውን ማሰሪያ እየቋጠረ ሳለ፣ ከሳሎኑ ጥግ «ስለ ታመሙት፣ ስለ መንገደኞች፣ ስለ…» የሚለው ድምፅ ትንሽ ተንገዳገደ። ልቡ ቀጥ አለ። ቀና ብሎ አየ። አማቱ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ሻምበልን አዩ፤ ድመቷን አዩ፤ በመጨረሻ በጎን እሱን አዩት። ከዚያ ዓይናቸውን መልሰው ጨፈኑና፣ የግራ ቁርጭምጭሚታቸውን በቀኝ እግራቸው ተረከዝ ቀስ አድርገው እያከኩ፣ «…ስለ ዝምተኞችም» ብለው ቀጠሉ።